የመንደራችንን ነጥብ ቀይ ለማስደረግ የሄድኩት መንገድ

ይህን የምጽፈው ለማኅበራችን ሴቶች ነው። የጉድጓድ መቆፈሪያው መኪና በደጃችን አልፎ ከሄደ ወዲህ ግማሻችሁ አኩርፋችሁኛል፤ ግማሻችሁ ደግሞ ብታኮርፉኝ ይሻል ነበር። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው በየቀኑ አስቀምጬዋለሁ። ማንበብ የማትችል የምታነብላትን ትፈልግ። ይጁቤን አልፋ ደብረ ማርቆስን ያላየች አለች፤ የጋዜጠኞች ቢሮ የገባች ግን ከመካከላችን የለችም፤ የምትገባም አይመስለኝም። የእኔ ፊደል የመሠረተ ትምህርትና የአራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ የሆነ አጻጻፍ ካገኛችሁ የልጅ ልጄ አርማልኝ ነው።

ነገሩ የተነሣው በጥምቀት ነው። የልጅ ልጄ ማስተዋል ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋዜጠኛ ናት። ጋዜጠኛ ሲባል ሬዲዮ ላይ የሚያወራ ሰው ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ዝርዝር ስታገላብጥ ነው የምትውለው። ለበዓሉ መጥታ ስልኳ ላይ ካርታ አሳየችኝ። አገሩ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ሆኗል። ነጥቧ የውሃ ቦታ ናት፤ የሚሠራው ሰማያዊ፣ የተበላሸው ቀይ። በጣት ሲነኳት ስለዚያ ውሃ የተጻፈው ብቅ ይላል። መቆፈሪያው መኪና ወደ እኛ አካባቢ ሊመጣ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነውም ውሃን ሁሉ በመዘገበ አንድ ዝርዝር ነው። የማስተዋል መሥሪያ ቤት ያንን ዝርዝር ካርታ ላይ አስፍሮ እውነት ይሁን ውሸት ይመረምራል።

«የእኛን አሳይኝ» አልኳት።

የእኛ ሰማያዊ ነበረች። ስትነካ «የጎለበተ ምንጭ፤ ክረምት ከበጋ ይወርዳል» ትላለች፤ የጎለበተ ማለት በቧንቧ የተሠራ ነው።

ፓምፓችን ከተሰበረ ሦስት ዓመቱ ነው። እጀታው ላይ ዶሮ ታድራለች።

«ቀይ አድርጊያት።»

«እኔ አልችልም፣ እምዬ።»

«ለምን? ጣትሽን ታመሻል?»

«የዘመዴን መንደር ነጥብ እኔ እንዳልነካ ደንብ አለን። ሌላ ባልደረባ ነው የሚያጣራው። ደግሞ በቃል ብቻ አይቀየርም፤ ማስረጃ ይፈልጋል።»

ደንቡ ትክክል ነው። በጣም የተናደድኩትም ለዚህ ነው። ሰማያዊ ሆነን ከቀረን መኪናው በደጃችን አልፎ ይሄዳል። ማስረጃውን ራሴ ላደርስ ወሰንኩ።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ወንዝ ወርጄ ባለ አምስት ሊትሯን ቢጫ ጀሪካን ሞላሁ። ከላይ ከብት ገብቶ ስለነበር ውሃው ጥሩ ማስረጃ ነበር። የቅድስት ማርያም የአብነት መምህር የኔታ መርሻ ዓይናቸውን ሊታዩ ማርቆስ ይሄዱ ስለነበር አብረን ወጣን። እስከ ይጁቤ በእግር፣ በእኔ ግምት፣ ሦስት ሰዓት ነው። ግምቴን አሁን ብዙ አላምነውም፤ ምክንያቱ ዓርብ ላይ ይመጣል።

መንገዱ ክፍት የሆነበት ሰሞን ስለነበር ያለ የሌለው ሰው ተሳፋሪ ሆኗል። የሚኒባሱ ረዳት ጀሪካኗን አየና «ማዘር፣ አረቄ ከሆነ ከላይ ይጫን» አለኝ።

«ውሃ ነው።»

«ውሃ ወደ ማርቆስ? ማርቆስ ውሃ የለም አሉሽ?»

ከጎኔ የታመመ ሕፃን የታቀፈች ሴት ተቀምጣለች። የየኔታን ጥምጥም አየች፣ ጀሪካኗን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ጠበል ነው? ለልጄ ጉንጭ የምትሞላ ብትሰጭኝ» አለችኝ።

«ጠበል አይደለም። የወንዝ ውሃ ነው፤ ከብት የገባበት።»

አላመነችኝም። ከኋላ አንዱ «ጠበል እንኳ ይከለከላል በዚህ ዘመን!» አለ። ሚኒባሱ ሁሉ ዞረብኝ። የኔታ እንዲናገሩልኝ ብዞር ተኝተዋል፤ ወይም ዓይናቸው በደንብ ታሟል። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቼ ሴትዮዋን አስሸተትኳት። ከዚያ በኋላ ማንም አልለመነኝም። ክዳኑን ሳላጠብቅ ኖሮ ግን ማርቆስ ልንገባ ስንል መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲነጥር ሱፍ የለበሰ ሰው ጉልበት ላይ ፈሰሰ። ይቅርታ ልለው ስል አማተበ። ጉልበቱን እያሻሸ ደስ ብሎት ወረደ።

ማስተዋል የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዓለም ይባላሉ። እኔን አይተውኝ አያውቁም፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። ውሃ አሞቁ፣ ገበታ ሙሉ ቀዱ፣ እግሬን ራሳቸው አጠቡኝ። ከዚያ ውሃውን ደጅ ደፉት። ዓይኔ የፈሰሰውን ተከትሎ እስከ አጥሩ ሄደ። እኛ ጋ ያ ውሃ ከእግር በኋላ ገና ሁለት ሥራ ይቀረው ነበር። በኋላ ግቢውን ሳይ ግን ያላቸው ዕቃ ሁሉ፣ በርሜል፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር፣ ውሃ ተሞልቶ ቆሟል። ቧንቧዋ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው። ማስተዋልን «የዚህ ግቢ ነጥብ ምን ዓይነት ናት?» ብላት «ሰማያዊ» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሰማያዊ በያት» አልኳት። እንቁላል ጠብሳ አበላችኝ።

ረቡዕ

ቢሯቸው ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። እንደ ቢሮ አያስፈራም። አለቃቸው ታደለ የሚባል ቀጭን መነጽራም ሰው ነው። ጀሪካኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ማስረጃ።»

ከፍቶ አሸተተው። ዘጋው። አልሳቀብኝም።

«እማማ፣ ይህ ውሃው መጥፎ መሆኑን ይነግረኛል። ከየት እንደተቀዳ ግን አይነግረኝም። ከዚህ ከታች ካለው ቦይም ሊሆን ይችላል።»

«ውሸታም እያልከኝ ነው?»

«አይደለም። ለሁሉም የምለውን ነው ለእርስዎም የምልዎት።»

ለሁሉም አንድ ነገር የሚናገር ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ካርታው በኢንተርኔት ነው የሚከፈተው። ኢንተርኔቱ እስከ ምሳ ድረስ ጠፋ። የእኛ ማኅበር በዚያን ያህል ጊዜ ሦስት ጠብ አስታርቆ አራተኛ ይጀምር ነበር። እነሱ ሻይ ጠጡ። ታደለ የጾም በያይነቱ አስመጥቶ ጋበዘኝ፤ ምስሩ ጨው በዝቶበታል፤ ዝም ብዬ በላሁ።

ከምሳ በኋላ ትልቁ ስክሪን ላይ ተከፈተ። ታደለ አስረዳኝ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው አንድ ድርጅት ነው፤ ስሙን አልጽፍም። ጠያቂ ሰው በየአገሩ እየዞረ እያንዳንዱን ውሃ በአንድ መስመር ጽፏል፤ የቆመበትንም ቦታ መሣሪያ በቁጥር መዝግቦለታል። ማስተዋል ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ስትሰጠው ነጥብ ይሆናል። ቀጥላ አንድ ነገር ተጫነችና ከነጥቦቹ ሥር ከሰማይ የተነሣ የአገራችን ፎቶ ወጣ።

እርሻው ከላይ ሲታይ የተጣጣፈ ድሪቶ ይመስላል። በመካከሉ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ክብ አለ። የእኛ ሰማያዊ ነጥብ ካንዱ ክብ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ደን ነው» አለች ማስተዋል።

«ደን ከየት አምጥተን? ማርያም ናት። መሃል ላይ የምታበራው ቆርቆሮዋ ነው። ፓምፓችን ከዚህ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ነው። እዚህ ቅጽር ውስጥ ያለው ጠበሉ ነው።»

ታደለ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

በዚህ መካከል የኔታ ዓይናቸው ጠብታ ተደርጎላቸው፣ በባጃጅ መጥተው፣ ደረጃውን እየዳበሱ ወጡ። ወንበር ሳይዙ ጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ ስለ ማርያም ምንጭ የጠየቀዎት ሰው ነበረ?»

«ነበረ። ወረቀት የያዘ ትሑት ሰው። በቧንቧ የተሠራ ምንጭ አለ ወይ አለኝ፤ አለ አልኩት። ክረምት ከበጋ ይወርዳል ወይ አለኝ፤ አንድ ቀን ደርቆ አያውቅም አልኩት። ስንት ሰው ይጠቀማል አለኝ፤ ለንግሥ ብትመጣ ታየው ነበር አልኩት።»

«ጠበል መሆኑን አልነገሩትም?»

«ቅጽር ውስጥ ቆሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ተጠማቂው ከፊቱ ተሰልፎ? ሌላ ምን ይመስለዋል ብዬ ልንገረው? ወይስ አንቺ፣ ሐሰት ልናገር ኖሯል?»

እውነታቸውን ነው። ሰውዬው የታዘዘውን ጠየቀ፣ የኔታ የተጠየቁትን መለሱ፣ ኮምፒውተሩ የተሰጠውን ቀባ። አንድም ሰው አልዋሸም። በዚያ ውሃ ሽሮ አይሠራም፣ ልብስ አይታጠብም፣ ከብት አይጠጣም፤ ቁርሱን የበላ ሰው እንኳ አይቀምሰውም። ወረቀቱ ላይ ይህን የሚያስገቡበት ቦታ አልነበረም።

ታደለ «እንደዚህ በአረንጓዴ ክብ ውስጥ ያለች ሰማያዊ ነጥብ ሌላ አለች?» አለ። ማስተዋል ኮምፒውተሩን አዘዘችው። እኔ በጣቴ እቆጥር ጀመር። ጣቶቼ አልበቁም።

ሐሙስ

ታደለ ሁሉንም ቀይ አድርጎ ያድራል ብዬ ነበር። አንዷንም አልነካም። «በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለመንደሩ የተሠራ ቦኖ ሊኖር ይችላል። አንድ በአንድ መጠየቅ አለበት» አለ። የሚደወልላቸውን ሰዎች ስም አሳየኝ። በየመስመሩ መጀመሪያ ሊቀ መንበር፣ ቀጥሎ ቄስ ነው።

«ውሃ የሚቀዳው ማን ነው?» አልኩት።

«ሴቶች።»

«ታዲያ?»

ወረቀቱን ትንሽ አየው፣ ከዚያ ሰረዘው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዷ ነጥብ ውሃ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች፣ ካንድ ቤት ያልሆኑ፣ ተጠየቁ። ጥያቄውም ብዙ ነበር፤ እኔ አንድ ጨመርኩ፤ «ትናንት ሽሮሽን በየትኛው ውሃ ሠራሽ?» የምትል። ታደለ ከላይ አደረጋት።

ሲሰለቻቸው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። አንዷን ቁይ አካባቢ አገኘኋት።

«ማን ልበል?»

«የውብዳር እባላለሁ። ከማርቆስ ነው።»

«ማርቆስ ቁጭ ብለሽ ስለ እኔ ሽሮ ምን አገባሽ?»

«ውሃው ነው ያገባኝ።»

ከዚያ ገደሉን፣ ወረፋውን፣ ወገቧን፣ ያማጠችበትን ቀን ሁሉ ነገረችኝ። ማስተዋል መጻፍ አቃታት። ጠበሉን በተመለከተ ግን የተናገረችው አንድ ቃል ነው፤ «እሱማ የእግዜር ነው!»

አንዷ ነጥብ እውነተኛ ሆና ተገኘች። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደህና ቦኖ አላቸው። እኔ እስከዚያ ድረስ ሞቆኝ ስለነበር እሷንም ላቀላት ፈልጌ ነበር። ታደለ ሰማያዊ አድርጎ ተዋት።

ዓርብ

ማስተዋል የእኛን መንደር ማጣራት ስለማትችል ታደለ ራሱ አብሮኝ ወጣ። የኔታ ለሁለተኛ ቀጠሮ ቀሩ። ወይዘሮ ጥሩዓለም ጀሪካኗን በአሸዋ አሽተው አጥበው፣ ከበርሜላቸው ሞልተው፣ ድፎ ዳቦ ጨምረው ሸኙን። ውሃዋን መንገድ ላይ ጨረስናት። ከይጁቤ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ የታደለ ጫማ አፉን ከፈተ። በገመድ አሰርኩለት። አላማረረም፤ መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ፓምፑን ከነዶሮዋ ፎቶ አነሣው። ከዚያ ወንዝ እንውረድ አለ። «ሁለት ሰዓት ነው» አልኩት። ስልኩን እንዲለካ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ከእናንተ አምስታችሁ እንስራችሁን ይዛችሁ ተከተላችሁን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ስልኩን አወጣ።

«ሃምሳ ደቂቃ።»

«ስልክህ ቸኩሎ ነው።»

«እማማ፣ ስልኩ ከእርስዎ እኩል ነው የተራመደው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሁለት ሰዓት ስል ኖሬያለሁ። ወረፋውንና ሽቅቡን ጨምሬ ይሆናል።

ያን ጊዜ የማዶ ሴቶች በወዲያኛው ተረተር መውረድ ጀመሩ። ይህን የሚያነብ እንግዳ ቢኖር፣ ማዶ የምንለው ከወንዙ ባሻገር ያለው መንደር ነው። በግጦሽ ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ የለንም። ከፊት የምትመጣዋ ትርንጎ ናት፤ የሟች ባሌ እኅት፣ እዚያ የተዳረች።

ታደለ ስልኩን አየ፣ ተረተሩን አየ። «ካርታው ላይ እዚያ ምንም የለም። ሰው ያለም አልመሰለኝ ነበር» አለ።

ምንም የለም፤ ቀይም ሰማያዊም። ማዶ ፓምፕ ተሠርቶለት አያውቅም። ያልተሠራ አይሰበርም፤ ያልተሰበረ አይጻፍም።

መቆፈሪያው መጀመሪያ የሚሄደው ውሃ ወደ ራቀበት ነው። ማዶ ከሌለ አንደኞቹ እኛ ነን። ይህን እኔም አውቅ ነበር፣ እናንተም ታውቁ ነበር። ከመካከላችሁ አንዷ፣ ስሟን አልጽፍም፣ «እነሱማ ለከብት ነው የሚወርዱት» አለችው።

እኔ ጀሪካኔን አጠብኩ። ንጹሕ ነበረች። ደግሜ አጠብኳት። ስለዚህ ማኅበርተኛችን ዋሸች ብቻ ብዬ ብጽፍ ፍርድ አይሆንም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጀሪካን እስካጥብ ዝም ብያለሁ።

ከዚያ «ለከብት አይደለም» አልኩ። «ሽሮዋን በምን ውሃ እንደምትሠራ ራሷን ጠይቃት።»

ትርንጎ ሰማችኝ። «የውብዳር! ዛሬ ምን ታየሽና ስሜን ጠራሽ?»

«ስምሽን አልጠራሁም። ውሃ የምትቀዳ ሴት አልኩ።»

«ይህስ ሰውዬ ማን ነው? ሊያገባሽ ነው?»

«ሊቆጥርሽ ነው።»

ቅዳሜ

በማግስቱ ከወንዙ እስከ ማዶ ከትርንጎ ኋላ ወጣን። እሷ ሃያ ሊትር አዝላ እየቀደመች ትጠብቀን ነበር። ታደለ ጫማውን ተስፋ ቆርጦ በእጁ ያዘው። ላይ ስንደርስ ስልኩ የለካው ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ሁለት ሰዓቴ የትርንጎ ሆኖ ተገኘ።

ቤቷ ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ከእኔ ቤት የሚለየው በሩ በምሥራቅ መሆኑ ብቻ ነው። ለታደለ እርጎ ሰጠችው፤ እግሩንም ቅቤ ቀባችለት። ለእኔ ገበታ አቀረበችና ከጀርባዋ ካወረደችው ውሃ ቀዳች።

«እግሬን አልታጠብም» አልኳት። ውሃው የዚያን ቁልቁለትና የዚያን ዳገት ያህል ነውና።

«አሁንም ኩርፊያው አልለቀቀሽም?»

አጠበችኝ። ሲያልቅ አልደፋችውም፤ ለጥጃዋ ሰጠቻት። ተኮላትፌ አመሰገንኳት መሰለኝ። ጀሪካኔንም እዚያው ረስቻት መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ዘገባው ወጣ፤ ከአንዷ በቀር በየክቡ ውስጥ የነበሩት ነጥቦች ቀሉ፤ የእኛም ቀላች። ማዶ ላይ ታደለ አዲስ ዓይነት ነጥብ ፈጠረ፤ ውስጧ ባዶ የሆነ ክብ። ስትነካ «ተሠርቶ አያውቅም» ትላለች። ከእሷ በኋላ ሌሎች ባዶ ክቦችም ከየቦታው መጡ። በመጋቢት መኪናው መጣ፣ በደጃችን አለፈ፣ በዙሪያው መንገድ ማዶ ወጣ። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆማችሁ መኪናውን አላያችሁትም፤ እኔን ነበር የምታዩት። ቀጥሎ የእናንተ ነው ተብሏል። ተብሏል ብዬ ጻፍኩ እንጂ ይሆናል አላልኩም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትርንጎ ወንዙን ተሻግራ መጣች። ጀሪካኔን አምጥታልኛለች፤ ከአዲሱ ጉድጓድ ሞልታ። አንድ ጣሳ ጠጣሁ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ብረት ብረት ይላል» አልኳት።

አይልም፤ ጣፋጭ ነው። የቀረውን ለማኅበሩ አስቀምጬዋለሁ፤ ኑና ቅመሱት። «ለከብት ነው» ያለችውም ትምጣ፤ የእሷ ጣሳ አልጎደለም።

ማስተዋል በደወለች ቁጥር ስለ ነጥባችን እጠይቃታለሁ። አሁንም ቀይ ናት። ትክክል ናት።